በፕላስተር ስለታነቀ ካርቶን፦ ከማሸግ እስከ መክፈት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከቴል አቪቭ ወደ አገር ቤት ካርቶን የሚልክ ሰው ፕላስተር ያበዛል። ከአዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ የምትልክ እናትም እንደዚያው። ዕቃው በብዙ ሰው እጅ ያልፋል፣ ይወረወራል፣ ይፈተሻል፤ ስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከልክ ያለፈ ፕላስተር ዕቃውን ብዙም አይጠብቅም። ተቀባዩን ግን ያሰቃያል። እዚህ ላኪዎችም ተቀባዮችም ደጋግመው የሚጠይቁትን ሰብስበን መልሰናል። ፕላስተር ስንል ሰፊውን የካርቶን ማሸጊያ ማለታችን ነው፤ አንዳንዱ ሰው ስኮች ይለዋል።

ሰው ለምን ይሄን ያህል ፕላስተር ያበዛል?

ከስጋት የተነሳ ነው። ካርቶኑ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ የምታዙበት ነገር የለም። ስለዚህ እጃችሁ ላይ እያለ የምትችሉትን ሁሉ ታደርጋላችሁ። ፕላስተር ደግሞ ርካሽ ነው፣ በቅርብ ይገኛል። ሌሊት ላይ፣ ጠዋት የሚበረው ሰው ቀጠሮ ሰጥቶ፣ ካርቶኑ ሆዱ አብጦ አልዘጋ ሲል አንድ ዙር መጨመር ልብ ያሳርፋል።

ከዓረብ አገር የምትልክ እህት ያንን ካርቶን የሞላችው ከደመወዟ እየቆጠበች ነው። ለእናቷ ሻል፣ ለወንድሟ ጫማ፣ ለልጇ የትምህርት ቤት ቦርሳ። አንዱም እንዲጎድል አትፈልግም። እሷን «ለምን አበዛሽ?» ብሎ መውቀስ አይገባም። እንዳይጎድል የሚያደርገው ምን እንደሆነ መንገር ግን ይጠቅማታል።

ብዙ ፕላስተር ካርቶኑን አያጠነክረውም እንዴ?

እስከ ተወሰነ ደረጃ ብቻ። የፕላስተር ሥራ ክዳኖቹን መዝጋት ነው። ክብደቱን የሚሸከመው ካርቶኑ ራሱ ነው፤ ያውም በዋናነት አራቱ የቆሙ ማዕዘኖቹ። የካርቶን ግድግዳን ቀደድ አድርጋችሁ ብታዩ በሁለት ወረቀቶች መሃል የተሸበሸበ ሌላ ወረቀት አለ። ከላይ የሚጫነውን የሚቋቋመው እሱ ነው። እሱ አንዴ ከተጨፈለቀ ወይም ውሃ ከነካው አስር ዙር ፕላስተር ቢጠመጠምበት መልሶ አይጠነክርም።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገርም አለ። ፕላስተር በፕላስተር ላይ ሲለጠፍ አያያዙ ይቀንሳል። የፕላስተር ጀርባ ሙጫ በቀላሉ የማይዘው ልሙጥ ነው። እንዲህ ባይሆን ጥቅሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ አይፈታም ነበር። የመጀመሪያው ዙር ወረቀቱን ጨብጦ ይይዛል። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚያርፉት ግን በዚያ ልሙጥ ጀርባ ላይ ነው። ሰው የጨመረ ይመስለዋል እንጂ ጥንካሬው በዚያው ልክ አይጨምርም።

ኪሎም ይበላል። መቶ ሜትር የሚሆን አንድ ጥቅል ፕላስተር 200 ግራም ያልፋል። አንዱ ሻንጣ ወይም ካርቶን 23 ኪሎ ብቻ በሚፈቀድበት በረራ ላይ ይሄ አንድ ጥሩ እሽግ ኮረሪማ ማለት ነው።

ታዲያ ስንት ቦታ ልለጥፍ?

ስድስት ቁራጭ ይበቃል። ሦስት ከላይ፣ ሦስት ከታች።

መጀመሪያ ሁለቱ ክዳኖች በሚገናኙበት መሃል መስመር ላይ አንድ ረጅም ቁራጭ ትለጥፋላችሁ። ጫፎቹ በካርቶኑ ጎን ላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይውረዱ። ከዚያ በግራና በቀኝ፣ ክዳኑ ከጎኑ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ፣ አንድ አንድ ቁራጭ። ከላይ ሲታይ የላቲኑን ኤች ይመስላል። ካርቶኑን ገልብጡና ከታችም እንደዚሁ አድርጉ። አቧራም ሆነ ነፍሳት የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም፣ ክዳኑም በአንድ በኩል ተይዞ አይነሳም።

ከባድ ዕቃ ከሆነ፣ ማለትም መጽሐፍ ወይም የቆርቆሮ ምግብ ካለበት፣ በታች በኩል ያለውን መሃል መስመር ሁለቴ አድርጉት። ሁለተኛው ቁራጭ ግን በመጀመሪያው ላይ ሙሉ በሙሉ አይደረብ። ግማሹ ወረቀት ላይ እንዲያርፍ ትንሽ ወደ ጎን አሽሹት። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ካርቶን ካጋጠማችሁ የሚቀየረው ካርቶኑ ነው።

ለጥፌው እየተላቀቀ ያስቸግረኛል። ሦስቴ የምደርበው ለዚህ ነው።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ላይ ያለው ነገር ነው።

የካርቶን ፕላስተር በጫና የሚይዝ ሙጫ ነው ያለው። ዝም ብሎ ማስቀመጥ አይበቃውም፤ መታሸት አለበት። ከለጠፋችሁት በኋላ በመዳፋችሁ ወይም በደረቅ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጫን እያላችሁ እሹት። ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ። በደንብ የታሸ አንድ ቁራጭ፣ ሳይታሹ ከተደራረቡ ሦስት ቁራጮች ይሻላል።

ቀጥሎ አቧራና ቅባት። ከሱቅ የሚገኝ የዘይት ካርቶን ብዙ ጊዜ አንድ ጎኑ ቅባት ጠጥቷል። እዚያ ላይ ምንም አይጣበቅም። በርበሬ ያሸገ እጅ ደግሞ ሌላ ነው። የበርበሬ ዱቄት በጣም የላመ ስለሆነ ጣት ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ካርቶኑ ላይ ይቀራል። ፕላስተሩን ስትስቡ ሙጫው ያንን ሁሉ ይሰበስባል። በብርሃን አቅጣጫ ያዙትና እዩት፤ ቀይ ቀይ ነጠብጣብ ካለበት ያ ቁራጭ አይዝም። ጣሉት። መጀመሪያ በርበሬውን አሽጋችሁ ጨርሱ፣ ጠረጴዛውን ጥረጉ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ፣ ካርቶኑን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ ፕላስተር አንሱ።

ብርድም አለ። በክረምት ጋራዥ ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ያደረ ፕላስተር ሙጫው ይደነድናል። ቤት ውስጥ ሞቅ ባለ ቦታ አሳድሩት።

የትኛው ፕላስተር ይሻላል?

ለአብዛኛው ሰው ቡናማው ወይም ብርሃን አስተላላፊው፣ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በቂ ነው። ቀጭኑ የቢሮ ስኮች ለካርቶን አይሆንም።

ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተርም አይሆንም። ይሄንን በፈረንጆቹ 1925 የሠራው ሪቻርድ ድሩ የሚባል፣ ስሪኤም (3M) የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሠራተኛ ነው። ያሰበው ለመኪና ቀቢዎች ነበር፤ ቀለሙን ሳያበላሽ እንዲላቀቅ። እንዲላቀቅ የተሠራ ነገር ውቅያኖስ ለሚሻገር ካርቶን አይታመንም። የአሜሪካ ፖስታ ቤትም ይህንንና የቢሮውን ስኮች ለካርቶን ማሸጊያ አትጠቀሙ ይላል።

ውስጡ ነጫጭ ክሮች ያሉት ፕላስተር በጣም ጠንካራ ነው። በእጅ ጨርሶ አይቀደድም። ዕቃው በእውነት ከባድ ካልሆነና ተቀባዩ ጥሩ መቁረጫ እንዳለው ካላወቃችሁ ተዉት።

ካገኛችሁ ውሃ ተቀብቶ የሚለጠፈው የወረቀት ፕላስተር በጣም ጥሩ ነው። ሙጫው ወደ ካርቶኑ ወረቀት ሰርጎ ከእሱ ጋር አንድ ይሆናል። አንድ ቁራጭ ይበቃዋል። ሲላጥ የካርቶኑን ቆዳ ይዞ ስለሚነሳ ሰው ከነካው ይታያል። ሲከፈት ደግሞ በቢላ ጫፍ በቀላሉ ይቆረጣል።

ከሱቅ የተገኘ አሮጌ ካርቶን ልጠቀም?

ማዕዘኖቹ ያልተጨፈለቁ፣ ያልረጠበና ቅባት የሌለው ከሆነ ይሆናል። ማዕዘኑን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጉት። ለስላሳ ከሆነ ተዉት።

አሜሪካ ውስጥ በሚሸጡ ብዙ ካርቶኖች ስር ክብ ማህተም ታያላችሁ። እዚያ ላይ የሚችለው ክብደት ተጽፏል። 65 ፓውንድ የሚል ከሆነ፣ ዕቃውና ካርቶኑ አንድ ላይ ወደ 29 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ያ ቁጥር አዲስ እያለ ነው። ሁለት ጊዜ ተጉዞ የመጣ ካርቶን ያንን አይችልም።

በርበሬና ሽሮ ስልክ ፌስታሉን ራሱን በፕላስተር እጠመጥመዋለሁ። ልክ ነኝ?

ይህ ለተቀባዩ ትልቁ ፈተና ነው። በፕላስተር የተጠመጠመ ፌስታል በመቀስ ሲከፈት ውስጡ ያለው በርበሬ ይፈነዳና ኩሽና ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። ዓይን ከገባ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

የላመ ዱቄት የሚያመልጠው በፌስታሉ ቋጠሮ በኩል ነው። ቋጠሮ ምን ቢጠብቅ ክፍተት አለው። መፍትሔው ወፈር ያለ ላስቲክ ውስጥ አድርጎ አፉን በሙቀት ማሸግ ነው። ብዙ የባልትና ቤቶችና ወፍጮ ቤቶች ማሽኑ አላቸው። ማሽኑ ከሌለ አፉን ሦስት አራት ጊዜ አጥፉት፣ በአጠፋችሁት ላይ ብቻ አንድ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉ፣ ከዚያ ሌላ ላስቲክ ውስጥ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ክተቱት። አየሩንም ጨምቃችሁ አስወጡ። የተነፋ ላስቲክ ሌላ ዕቃ ሲጫነው ይፈነዳል።

በየላስቲኩ ላይ ስሙን ጻፉበት። ሽሮ፣ ምጥን ሽሮ፣ በሶ፣ አጃ። ፈታሹም ያውቀዋል፣ ተቀባይዋም ሁሉንም መክፈት አይጠበቅባትም።

ከዱባይ የላክሁት ሎሽን ክዳኑ በፕላስተር ታስሮ እያለ አዲስ አበባ ሲደርስ ፈስሶ ተገኘ። ለምን?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ዱባይ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ዱባይ ላይ ስትዘጉት ጠርሙሱ ውስጥ የታሰረው አየር የባሕር ዳር አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ውስጡ ያለው አየር ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሎሽኑን ይዞ በክዳኑ በኩል ይወጣል። አውሮፕላኑም ሲበር የዕቃ ክፍሉ ግፊት ከዚሁ ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር ተቀራራቢ ነው። ክዳኑን ከውጭ በፕላስተር መጠምጠም ይህን አያቆመውም። ዘይታማ ፈሳሽ ፕላስተሩን ራሱን ያላቅቀዋል።

የሚሠራው ይሄ ነው። ክዳኑን ፍቱ። ጠርሙሱን ቀስ ብላችሁ ጨመቅ አድርጉና አየሩን አስወጡ። እንደተጨመቀ አፉ ላይ ትንሽ ላስቲክ ጣል አድርጋችሁ ክዳኑን በላዩ አጥብቁ። ጠርሙሱ ገባ ብሎ ይቀራል። ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል። ከዚያ ለብቻው ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ አቁሙት።

በመስታወት ጠርሙስ ያለ ማር ወይም ዘይት አይጨመቅም። ከላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ተዉለት፣ አፉ ላይ ላስቲክ አድርጉ፣ ድርብ ላስቲክ ውስጥ አቁሙት፣ ካርቶኑ ላይ የትኛው ወደ ላይ እንደሆነ በቀስት ምልክት አሳዩ። ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። የውጭው ግፊት ጠርሙሱን ወደ ውስጥ ስለሚገፋው የመፍሰስ አደጋው ያነሰ ነው።

ፕላስተር ካላበዛሁ ዕቃ አይሰረቅም?

ሊሰርቅ የፈለገ ሰው ካተር ይዟል። ለእሱ አንድ ዙርና አስር ዙር ልዩነቱ ጥቂት ሰከንድ ነው። ይባስ ብሎ፣ በፕላስተር የተዥጎረጎረ ካርቶን ላይ ሌላ ሰው ቆርጦ በላዩ ቢለጥፍ ማንም አይለየውም። ንጹሕ ካርቶን ላይ ግን የተነካው ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስለዚህ መነካቱ እንዲታወቅ አድርጉ። በማይለቅ ማርከር ከካርቶኑ ጀምራችሁ ፕላስተሩን አቋርጣችሁ እንደገና ካርቶኑ ላይ የሚያልቅ ፊርማ ፈርሙ። ሦስት አራት ቦታ። ፕላስተሩ ተነስቶ ከተለጠፈ መስመሩ አይገጥምም። ከመዝጋታችሁ በፊት ውስጡን፣ ከዘጋችሁ በኋላ ስድስቱንም ጎን ፎቶ አንሱ። ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ የሚያሳየውን ቁጥርም ፎቶ አንሱ። ሁሉንም ለተቀባዩ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ላኩለት። በካርጎ የምትልኩ ከሆነ ደረሰኙ ላይ ኪሎው መጻፉን ሳታረጋግጡ አትውጡ። ክርክር ቢመጣ የሚያዋጣችሁ ፎቶና ኪሎ ነው።

ወርቅና ገንዘብ ካርቶን ውስጥ አይገባም። እዚህ ላይ ምንም ድርድር የለም።

ፍተሻ ላይ ቆርጠው ከፈቱት። መብት አላቸው?

አዎ፣ አላቸው። የጉምሩክና የአየር ማረፊያ ፈታሾች የተጠራጠሩትን ይከፍታሉ። አሜሪካ ውስጥ የአየር ማረፊያ ፈታሾች የተመዘገበ ሻንጣ ከከፈቱ ውስጡ የፍተሻ ማስታወቂያ ወረቀት ይተዋሉ። ለዚህ ነው ካርቶን ሲታሸግ በመንገድ ላይ አንዴ እንደሚከፈት ታስቦ መሆን ያለበት። አንድ መስመር ቆርጠው ከፍተው መልሰው በአንድ መስመር የሚዘጉት ካርቶን ዕቃውን እንደያዘ ይደርሳል። በዙሪያው የታነቀውን ግን ለመክፈት ሲሉ ይቦጫጭቁታል። ከዚያ በኋላ ለመዝጋት የሚሆን ካርቶን አይቀርም።

እንዳይከፈት የሚረዳው ግልጽ ዝርዝር ነው። በፖስታ ስትልኩ በጉምሩክ ቅጹ ላይ «የግል ዕቃ» ብላችሁ አትለፉ። «2 የጥጥ ቀሚስ፣ 1 ጥንድ የልጅ ጫማ፣ 3 ሳሙና» ብላችሁ ጻፉ።

የማይገባ ነገርን ደግሞ ፕላስተር አያስገባውም። ቋንጣ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ አይገባም፤ ቅቤም እዚያ ውስጥ ነው። አሜሪካ ስትገቡ የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ አስመዝግቡ። ያስመዘገበ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል። የደበቀ ሰው ላይ ቅጣቱ እስከ 10,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። እናት ለልጇ ብላ የላከችው ቋንጣ ይዞ የሚሄደውን ሰው እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ማስገባት የለበትም። ለተሸካሚው ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ንገሩት። ካርቶኑን ሲረከብ ከፍቶ ለማየት ቢጠይቅ አትቀየሙት። እንዲያውም ፊቱ አሽጉለት።

ፓወር ባንክስ?

ካርቶን ውስጥም፣ በሚመዘገብ ሻንጣ ውስጥም አይገባም። በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የሚሄደው። ከገባ ካርቶኑ ተቆርጦ ይወጣል።

ሻንጣዬን አየር ማረፊያ ላይ በላስቲክ ላስጠቅልል?

ዚፑ ያረጀ ከሆነ ይጠቅማል፤ ከጭረትና ከዝናብም ይከላከላል። ፍተሻ ከመጣ ግን ላስቲኩ ይቀደዳል፣ መልሶ የሚጠቀልልላችሁ አይኖርም። የቀበቶ ዓይነት ማሰሪያ ተደጋግሞ ይሠራል፣ በቀላሉም ይፈታል።

አድራሻው ላይስ ፕላስተር ልለጥፍበት?

በባርኮዱ ላይ አትለጥፉ። ያንጸባርቅና የማንበቢያ መሣሪያው ያስቸግረዋል። በብዕር የጻፋችሁት ከሆነና እንዳይረጥብ ከፈለጋችሁ አንድ ንብርብር ብርሃን አስተላላፊ ይበቃል።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚሄድ ካርቶን ከሁሉም የሚበልጠው የተቀባዩ ስልክ ቁጥር ነው። ቤት ቁጥር ፈልጎ የሚያመጣ ብዙም የለም፤ ይደወላል። ስምና ስልኩን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉ። ሁለተኛ ስልክ ጨምሩ። ያንኑ በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ ካርቶኑ ውስጥ ከላይ አስቀምጡ። የውጭው ቢጠፋ የውስጡ ባለቤቱን ያገናኛል።

ተቀባዩ በቀላሉ እንዲከፍተው ምን ላድርግ?

ከሁሉም በላይ እንዲሰማልን የምንፈልገው ይሄንን ነው። ካርቶን ስታሽጉ የሚከፍተውን ሰው እጅ አስቡ። ብዙ ጊዜ ያ እጅ የእናት ወይም የአያት ነው። ጣቶቿ በቁርጥማት የታሰሩ፣ ዓይኗ የደከመ፣ ቤቷ ውስጥ ያለው መቁረጫ የሽንኩርት ቢላ ብቻ የሆነ። ስልኩ እንዲህ ይሄዳል፦

«እማዬ፣ ደረሰልሽ? ከፈትሽው?»

«ደርሷል የኔ ልጅ፣ ተባረኪ። ገና አልከፈትኩትም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ይከፍትልኛል።»

ካርቶኑ ፊቷ ነው። ናፍቃዋለች። ግን አልቻለችም።

ቀላሉ ዘዴ የፕላስተሩን ጫፍ ማጠፍ ነው። ለጥፋችሁ ስትጨርሱ የመጨረሻውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ራሱ ላይ አጣብቁት። የማይጣበቅ ትንሽ ጆሮ ይቀራል። በእሱ ይዞ መላጥ ይቻላል። ቀስት ስላችሁ «እዚህ ጋ ሳቢ» ብላችሁ ጻፉበት።

የተሻለው የክር ዘዴ ነው። ጠንካራ የናይሎን ክር ወይም ቀጭን ሲባጎ ውሰዱ። መሃል መስመሩ ላይ፣ ፕላስተሩ ከሚያርፍበት ስር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርጉት። አንዱን ጫፍ ሦስት ሳንቲ ሜትር አስተርፉት። ከዚያ ፕላስተሩን በላዩ ለጥፉና እሹ። ስትከፍት ያንን ጫፍ ይዛ ወደ ላይ ትስባለች። ክሩ ፕላስተሩን ከስር እየቀደደ ይሄዳል። ቢላ አያስፈልግም። ለመያዝ እንዲመች ጫፉ ላይ ቋጠሮ አድርጉ ወይም ትልቅ የልብስ ቁልፍ እሰሩበት። ሁለቱ የጠርዝ ቁራጮች ላይም ጆሮ ከተዋችሁ ካርቶኑ ያለ ምንም ስለት ይከፈታል። ይህ በሰው እጅ ወይም በካርጎ ለሚሄድ ነው። በፖስታ ለሚሄድ ካርቶን ክሩ ማሽን ላይ እንዳይያዝ ጆሮው ይበቃል።

በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ካለ ደግሞ ከላይ አታስቀምጡት። ቢላ የሚያገኘው መጀመሪያ እሱን ነው። ከዕቃዎቹ ሁሉ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ካርቶን አንጥፉ። ስለቱ ጠልቆ ቢገባ እሱን ይቆርጣል እንጂ ቀሚሱን አይነካም።

የታነቀ ካርቶን ደረሰኝ። እንዴት ልክፈተው?

አትቸኩሉ። ካርቶን ሲከፈት እጅ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ በንዴት ነው።

ፕላስተሩን ለመላጥ አትሞክሩ። ዙሪያውን ከታነቀ ላጣችሁ አትጨርሱትም። መጀመሪያ ካርቶኑን ገልብጣችሁ እዩ። ላኪዎች የሚያበዙት ከላይ ነው፤ ከታች ሁለት ቁራጭ ብቻ ሊኖር ይችላል። ፈሳሽ ከሌለበት በታች ክፈቱት።

የሚቆረጥበትን ቦታ በአውራ ጣት ፈልጉ። መሃል ላይ ጫን እያላችሁ ሂዱ፤ ሁለቱ ክዳኖች የሚገናኙበት ጋ ሲደርስ ጎድጎድ ይላል። እዚያ ስር ካርቶን የለም፣ ፕላስተር ብቻ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን አጫጭር ጠርዞች ቁረጡ፣ ቀጥሎ መሃሉን። ክዳኑ ያኔ እንደ በር ይከፈታል።

ካተር ካላችሁ ምላጩን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ አውጡ። አንድ ንብርብር ካርቶን ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ከገባ ውስጥ ያለውን ዕቃ አገኘው ማለት ነው። ስለቱን ከገላችሁ አርቃችሁ ሳቡ። ካርቶኑን የሚይዘው ሌላኛው እጅ ከሚቆረጠው መስመር ጀርባ ይሁን፤ ፊት ለፊቱ ከሆነ ስለቱ ሲያመልጥ የሚያገኘው እሱን ነው። ባለ ሁለት ስለት የጢም ምላጭ በጣት ይዞ መክፈት በጣም የተለመደ ነው፣ በጣም አደገኛም ነው። ተዉት። በጥርስም አይሆንም።

ስለት ከሌለ የቤት ቁልፍ ይሠራል። ተራ የካርቶን ፕላስተር ሲጎተት አይበጠስም። ጠርዙ ላይ ትንሽ ከተሰነጠቀ ግን ያለ ትግል ይቀደዳል። የቁልፉን ጥርስ ጎድጓዳው መስመር ላይ አድርጋችሁ መጋዝ መጋዝ አድርጉት። አንዴ ከተበሳ ቁልፉን ወደ ፊት ግፉት።

በካርጎ የመጣ ከሆነ ከመክፈታችሁ በፊት ስልክ አቁማችሁ ቪዲዮ ቅዱ። የላኪው ፊርማ መግጠሙን እዩ። ጎድሎ ከተገኘ የምታሳዩት ይኖራችኋል።

የፕላስተሩ ጥቅል ጫፍ ጠፍቶኝ እየፈለግሁ ነው። ምን ይሻላል?

በጥፍራችሁ ጥቅሉን ዙሩት፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ ይይዛችኋል። ካልያዘ ብርሃን ላይ አዘንብሉት። ተሰንጥቆ በቀጭኑ እየተላጠ የሚያስቸግር ከሆነ በምላጭ ሙሉ ስፋቱን ቆርጣችሁ ያንን ንብርብር አንሱት። ከዚያ በኋላ በጨረሳችሁ ቁጥር ጫፉ ላይ የክብሪት እንጨት ወይም የጥርስ መጎርጎሪያ ለጥፉበት።

በሲባጎ ወይም በገመድ ልሰረው?

በሰው እጅ ለሚሄድ፣ ለመሸከም እንዲመች፣ ጥሩ ነው። በፖስታ ለሚላክ አይሆንም፤ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ማሽን ላይ ስለሚጠመጠም አይፈልገውም።

ካርቶኑን ከፈትኩ፤ ሙጫው ግን ዕቃው ላይ ቀረ።

ይህ የሚሆነው ላኪው ፕላስተሩን በቀጥታ ዕቃው ላይ ሲለጥፍ ነው። ድስት፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የሕፃን ጫማ።

ለብረት፣ ለመስታወትና ለጠንካራ ፕላስቲክ፣ የምግብ ዘይት በጨርቅ ቀብታችሁ ጥቂት ደቂቃ ተዉት። ከዚያ እሹትና በሳሙና እጠቡት። ለመጽሐፍ ዘይት አይነካም። በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቁት፣ ሙጫው ሲለሰልስ ፕላስተሩን ወደ ኋላ እያጠፋችሁ በጣም ቀስ ብላችሁ ላጡት። ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ወረቀቱን ይዞ ይነሳል። ለልብስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ልብሱን በላስቲክ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። ሙጫው ሲደርቅ በማንኪያ ጠርዝ ይፋቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፕላስቲክን ስለሚያሟሟ አትጠቀሙ። በምንም ነገር ከማሸታችሁ በፊት በማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩት።